ሚስተር ኦግደን ዝም ያሉለት በርሜል

በዚህ አገር ቢራ ሊጠጣ ገብቶ ትምህርት ጠጥቶ ያልወጣ ሰው ካለ፣ ወይ መጠጥ ቤት ረግጦ አያውቅም፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ከዌልስ ድንበር እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ፣ ጥቂት ወንበሮችና አንድ የደከመው ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ የራሱ የቢራ መምህር አለው። የሾመው የለም፤ የሚሽረውም የለም። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ይቆምና፣ በጠማችሁ ሰዓት፣ ስለምትጠጡት ነገር ከምትጠጡት ነገር በላይ ይግታችኋል።

የእኛ ከተማ፣ የክላንበሪ፣ መምህር ክቡር ሚስተር ክሌመንት ኦግደን ናቸው። ጡረታ የወጡ የጋዝ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ደረጃ ሥር በባትሪ እያበሩ ሲያዩ ስለኖሩ፣ ዛሬም ቢሆን ብርሃን ላይ ያላዩትን ነገር አያምኑም። ብርጭቆ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ያነሱታል። ቀጥሎ አፍንጫቸውን ይከቱበታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ይጎነጩና ቤቱን ሙሉ በጉጉት ያቆዩታል፤ ቢያንስ እሳቸው ቤቱ በጉጉት የቆመ ይመስላቸዋል። በመጨረሻም ፍርዱ ይሰማል። «ይተነፍሳል!» ይላሉ። «ይሄ ቢራ ይተነፍሳል!»

የማይተነፍሰው የእኔ ነው። እኔ የምጠጣው ከትልቅ ፋብሪካ በመኪና የሚመጣውን፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨውን ቀዝቃዛ ቢራ ነው። ሚስተር ኦግደን ይህን ብርጭቆ በእጄ ባዩ ቁጥር ቆባቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። በዓመት በዓልም፣ በልደቴም ቀን ቢሆን አይምሩኝም።

ትምህርታቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ በአጭሩ ሲናገሩት ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። እውነተኛ ቢራ በትንሽ ቤት፣ በምናውቀው ሰው እጅ ይጠመቃል። አይጣራም፤ ጋዝም አይነፋበትም። ከነእርሾው በርሜል ይገባና እመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ተጋድሞ፣ አተላው እስኪዘቅጥ እየተኛ ይበስላል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ባለው እጀታ በክንድ ኃይል ተስቦ ይወጣል። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ ግን አየር ይገባዋል፤ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ተጠጥቶ ካላለቀ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ለሚስተር ኦግደን ቢራ መጠጣት መዝናናት አይደለም፤ የነፍስ አድን ሥራ ነው። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ይህ ማብራሪያ በፍጹም አልገባቸውም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐኪማቸው መጠጥ እንዲቀንሱ ነገራቸው። «የፋብሪካውን ከሆነ ድሮም አልነካውም» አሉና ተነሥተው ወጡ፤ ጤናቸውን በሚገባ እንደተከታተሉ ነው የቆጠሩት። የእህታቸው ልጅ ስታገባ ደግሞ የሙሽራዋ አባት ንግግር እያደረገ ሳለ ሚስተር ኦግደን ከወንበራቸው ጠፉ። ሲፈለጉ የሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ተገኙ፤ በርሜሎቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሙቀት ይለኩ ነበር። ሌላ ጊዜ አንድ ወጣት አንዲት ቆንጆ ልጅ ይዞ መጣና በሞኝነቱ ሁለት ብርጭቆ ከእጀታው አዘዘ። ሚስተር ኦግደን መሀላቸው ገብተው በሰሜንና በደቡብ እንግሊዝ መካከል ስላለው የአረፋ ልዩነት ያስረዱ ጀመር። ልጅቷ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄደች። ልጁ ግን ስለ አረፋ ያልገባው ነገር የለም።

የሚከላከሉለት ቢራ፣ እንደ ቀጥቃጭ የብረት መምቻ፣ «መስፍ» ይባላል። የምትጠምቀው ግሌኒስ ናት፤ የድሮው ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን። ብቅሉን ራሷ ታፈላለች፤ በርሜሉን ራሷ ታጥባለች፤ ራሷ ተሸክማ፣ ራሷ ታስረክባለች። ክንዷን ያየ ሰው ዋጋ አይከራከራትም። በሳምንት አንድ በርሜል የሚወስድላት የእኛው መጠጥ ቤት፣ «ነጩ አጋዘን»፣ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቤቶች አንድ በአንድ እጀታቸውን ነቅለዋል።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ግሌኒስ አዲሱን በርሜል እያንከባለለች በጓሮ በር ስትገባ፣ የቤቱ ባለቤት ዴስ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተናገረ።

«ግሌኒስ፣ አትቀየሚኝ። ያለፈው ሳምንት በርሜል ግማሹ ኮምጥጦ ደፋሁት። ከዚያ በፊት የነበረውንም እንደዚሁ። ይሄም እስከ እሑድ ካላለቀ እጀታውን ነቅዬ የቀዝቃዛ ቢራ ቧንቧ አስገባበታለሁ።»

«በመቃብሬ ላይ!» አሉ ሚስተር ኦግደን ከባንኮኒው ጫፍ። «የሰዉ ጣዕም ስለተበላሸ ቢራው ይቀጣል?»

«የሰዉ ጣዕም ምንም አልሆነም» አለ ዴስ። «ችግሩ ማን እንደሆነ ልንገርዎት? እርስዎ ነዎት!»

«እኔ?»

«እርስዎ! ማክሰኞ ዕለት አንዲት ነርስ መጣች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጧል። እጀታውን አየችና ‹ይሄ ምንድን ነው?› አለች። እርስዎ ስለ እርሾ ጀመሩላት። ሻይ ጠጥታ ሄደች፣ ሚስተር ኦግደን! መጠጥ ቤት ገብታ ሻይ! ሰው እኮ እርስዎን ሲያይ ‹ያው ቀዝቃዛውን ስጠኝ› የሚለው ወዶ አይደለም፤ ፈተና ላይ የሚቀመጥ እየመሰለው ነው።»

ሚስተር ኦግደን ወደ ግሌኒስ ዞሩ። «ንገሪው እንጂ፣ ግሌኒስ!»

ግሌኒስ በርሜሉን በእግሯ ደግፋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ክሌም፣ ቢራዬን ትወደዋለህ?»

«ይሄ ይጠየቃል?»

«እንግዲያው እስከ እሑድ አፍህን ዝጋልኝ።»

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ቀዝቃዛዬን ይዤ። በሕይወቴ ሰው በጥፊ ሲመታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ሲደነግጥ አላየሁም።

«እዚህ ካልተሸጠልኝ እዘጋለሁ» አለች ግሌኒስ፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ሌላ የሚወስድልኝ የለም። አንድ ቃል እንዳትናገር፣ ክሌም። ስለ ብቅሉም፣ ስለ እርሾውም፣ ስለ ምኑም።»

ሚስተር ኦግደን ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው ደፉት። ከዚያ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ከባንኮኒው ጫፍ ተነሥተው መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። የዚያን ቦታ ባዶነት ዓይናችን እስኪለምደው ጊዜ ወሰደብን።

ዓርብ በርሜሉ ተከፈተ። ወሬው ከበርሜሉ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶት ነበር። «ኦግደን ዝም ብሏል!» ሲባል ከቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ጀምሮ እስከ ዶሮ አርቢዎቹ ድረስ ለማየት ያልመጣ የለም። ባዶ እጅ ቆሞ ማየት ደግሞ ነውር ስለሆነ ሁሉም ከእጀታው አንዳንድ ያዝዛል። ጣሪያ ሠሪው ኒል ብርጭቆውን ይዞ ሄደና ከሚስተር ኦግደን ፊት ለፊት ተገተረ።

«ዴስ!» ሲል ጮኸ፤ ዓይኑን ከሳቸው ሳያነሣ። «ይሄ ነገር ሞቅ ይላል ልበል? በረዶ የላችሁም እንዴ?»

የሚስተር ኦግደን ጆሮ ቀላ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃል ግን አልወጣም።

ኒል እንደገና ሊሞክር ሌላ ብርጭቆ ገዛ። «ይሄ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ነው ወይስ ቢራው ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚንሳፈፍ ነገር አልነበረም፤ ብርጭቆው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ሚስተር ኦግደን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሀል ወሸቁ። ሌሎቹም ተራ ገቡ፤ ሰውየውን ለማናገር የሚደረገው ሙከራ ሁሉ አንዳንድ ብርጭቆ ያስወጣ ነበር። እኔም ለማሾፍ ብዬ አንድ ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም። ይህን ግን በአፌ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ እስክሞት እንደምሰማው አውቃለሁ።

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ኳሱም በቴሌቪዥን ነበር፤ ሰው በየቤቱ ቀረ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ አንዴ ከታየ በኋላ ሁለተኛ አያጓጓም። እሑድ ከምሳ በኋላ ዴስ ምድር ቤት ወርዶ በርሜሉን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ተመለሰ፤ ፊቱ ሁሉን ተናግሮ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ገና ብዙ አለ። ግሌኒስ በጓሮው በር ቆማለች። ባዶውን በርሜል ልትወስድ ነበር የመጣችው፤ ወይም እጀታው ሲነቀል ልታይ። ሚስተር ኦግደን ሳያቋርጡ ይጠጡ ነበር፤ የአንድ ሽማግሌ ሆድ ግን ስንት ይችላል?

ያኔ ነው ብስክሌተኞቹ የገቡት። ጭቃ በጭቃ የሆኑ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። ፊት ፊት የምትሄደው ቢጫ ጃኬት የለበሰች ሴት ባንኮኒውን በክርኗ ተደገፈችው።

«የአገሩ የሆነ ነገር አላችሁ?»

«ይኸው» አለ ዴስ፤ እጀታውን ጨበጥ አድርጎ። «እዚሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚጠመቀው።»

«ግሩም! ለሁላችንም። ግን ግማሹን ቢራ፣ ግማሹን የሎሚ ለስላሳ አድርግልን። ገና ብዙ መንገድ አለብን።»

የሚተነፍስ ቢራ ላይ የሎሚ ለስላሳ መጨመር በሚስተር ኦግደን ሃይማኖት ንስሐ የማይገኝለት ኃጢአት ነው። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር፤ የምናየው የቀላ ማጅራታቸውን ብቻ ነው።

ዴስ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። መደርደሪያውን ፈለገ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ። «ሐሙስ ዕለት አንድ ሙሉ ሣጥን ነበረኝ» አለ፤ ግራ ገብቶት። «የት ሄደ?»

«ከሌለ ግድ የለም» አለች ሴትዮዋ። «ውሃ ስጠንና እንሄዳለን።»

ግሌኒስ ዓይኗን ጨፈነች።

ሚስተር ኦግደን ተነሡ። ቀስ ብለው ተንበረከኩና ከተቀመጡበት አግዳሚ ሥር የለስላሳ ሣጥን ጎትተው አወጡ። ለካ ማንም ቢራው ላይ እንዳይጨምርበት ደብቀውት፣ ከዓርብ ጀምሮ ላዩ ላይ ተቀምጠውበት ነበር! ሣጥኑን አቅፈው ባንኮኒው ላይ አኖሩት፤ የጠርሙሱን ክዳን በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ዴስ ግማሽ ግማሽ እየሳበ ሲያቀብላቸው፣ ብርጭቆውን አጋደል አድርገው፣ አረፋው እንዳይገነፍል በዳር በዳሩ የሎሚ ለስላሳ ሞሉበት። አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሱም። ለባለ ቢጫ ጃኬቷ ሴትዮ የመጀመሪያውን ሲያቀብሉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ሆኑ እንጂ አልተሳካላቸውም። ግሌኒስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። «እንዴት ይጣፍጣል!» አለች። «ድገሙን!»

ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል እጀታው ተንጎራጎረ፤ አረፋና አየር ተፋ፤ ከዚያ ምንም። ዴስ አንዴ ደግሞ ሳበው። ባዶ ነው።

«አለቀ» አለ። እጀታውን በፎጣው ወለወለው። «ግሌኒስ፣ ሐሙስ ሌላ አምጪ።»

ብስክሌተኞቹ አመስግነው ወጡ፤ ምን እንዳደረጉ ዛሬም አያውቁም። እኛ ቀረን። ግሌኒስ መጥታ የሚስተር ኦግደንን ክንድ ያዘች።

«ክሌም፣ አሁን ተናገር። ተፈቅዶልሃል።»

ሁላችንም ራሳችንን አዘጋጀን። ኒል ሊሸሽ ኮቱን ያዘ። ሚስተር ኦግደን አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«ጠጡት» አሉ። «እስከ ታች ጠጡት እኮ፣ ግሌኒስ!»

ሌላ ምንም አልወጣቸውም። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ያንን ዝምታ ስንመኘው የኖርን ሰዎች ነን፤ ሲመጣ ግን ጨነቀን። ሰውየው እንደዚህ ሆነው ሊቀሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ፣ አእምሮዬ ሳይስት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ አፌ ጠየቅሁ።

«ሚስተር ኦግደን፣ ቆይ ግን፣ የሎሚ ለስላሳ ቢጨመርበት ምን ይሆናል?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አለ ኒል።

ሚስተር ኦግደን ዓይናቸውን በቆባቸው ጠረጉ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ትከሻቸው ሲቃና፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው ሲነሣ ታወቀኝ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «ይሄ ረጅም ነው።»

ወንበር ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተቀምጬ አላውቅም።