የጋሽ ወልደኪዳን የደጋ ደም

በየከተማው የትውልድ ቀዬውን አየር እንደ ማዕረግ የሚሸከም ሰው አይጠፋም። በደብረ ብርሃን ማዕረጉ የአንኮበሩ ተወላጅ የክቡር ጋሽ ወልደኪዳን ነው። ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ወጣት "ራሴን አመመኝ" ካለ፣ ምርመራም አያሻው፤ "ምን ታደርግ፣ ደምህ የቆላ ነው!" ይሉታል።

ከሁሉ የባሰባት ምራታቸው ሥርጉት ናት፤ የመተሐራ ልጅ። ተድራ የመጣች ሰሞን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ጎረቤት ሰብስበው "የእኛ ሳንባ ሌላ ነው" እያሉ ያስረዱ ነበር። የገበያ ዘንቢሏን የሚሸከሙላትም ግን እሳቸው ነበሩ።

ዘንድሮ ወገባቸውን ሙቀት ይሻለዋል ተብሎ መተሐራ፣ ከሥርጉት ወላጆች ዘንድ ከረሙ። በተመለሱ ማግስት ከአንኮበር በላይ፣ ተራራው ላይ የዘመድ ሠርግ ነበር።

"አባባ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ" አለች ሥርጉት።

"እኔ? እትብቴ የተቀበረበት አገር እኮ ነው!"

አብራቸው ሄደች። በማግስቱ ሳል ያዛቸው። "አቧራ ነው" አሉ። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ቃል ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ጀመሩ፤ ከንፈራቸውም ጠቆረ።

"ይተኙ፣ ይለቃቸዋል" አሉ ሠርገኞቹ።

"አይተኙም! አሁኑኑ ቁልቁል እንውረድ!" ብላ ሥርጉት ጮኸች። ጎረምሶች በቃሬዛ አወረዷቸው፤ ጤና ጣቢያ ደርሰው ኦክስጅን ተሰጣቸው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሐኪሙ "ሳንባዎ ውሃ ቋጥሯል" አላቸው። "ቆላ ከርመው በአንዴ ከፍታ ስለወጡ ነው።"

"የደጋ ሰው ነኝ እኮ!"

"የደጋ ሰውም ይታመማል። አንዳንዱ ደግሞ በዘር በወረሰው ነገር የበለጠ ይጋለጣል። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ነበር?"

 የጋሽ ወልደኪዳን እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"ታናሼ ኪዳነወልድ... ወታደር ነበር። ከቆላ በፈቃድ መጥቶ እዚያው ተራራ ላይ ሲስል ሲስል ሞተ። ምች መታው ብለን ቀበርነው።"

ሥርጉት እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ስልክ ጠየቋት። የሟቹ ልጅ ገብረአብ አፋር ውስጥ ሹፌር ነው፤ ለፋሲካ ተራራው ላይ ወዳሉት ዘመዶች ሊመጣ ተዘጋጅቷል።

"ገብረአብ፣ ስማኝ ልጄ" አሉ የኦክስጅኑን ጭንብል ከፍ አድርገው። "በቀጥታ ተራራ እንዳትወጣ። ሰውነትህ ከፍታውን እስኪለምድ ደብረ ሲና ላይ ሰንብት።"

ገብረአብ "ብቻዬን እዚያ ምን እሠራለሁ፣ አባባ?" ሲል ሥርጉትም ሰማችው።

"ማን ብቻህን አለህ? እኔ ወርጄ አብሬህ እሰነብታለሁ።"