ጋሼ አንድ ይቀራል

ሥራ ለመጀመር የሚለግም ሰው በየቤቱ ሞልቷል። «አለቀ» የምትለዋ ቃል ከአፉ የማትወጣ ሰው ግን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው የሚታደለው። ሁለት ሁለት ቢደርሰን ኖሮ የሰው ልጅ እስካሁን የመጀመሪያውን ጎጆ ክዳን እየፈተሸ ዝናብ ላይ ቆሞ በቀረ ነበር። ለእኛ የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ እኛ ግን በሌሉበት «ጋሼ አንድ ይቀራል» ነው የምንላቸው።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የማተሚያ ቤት ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። የሚያንቋርር በር ይጠግኑልናል፤ በሩ ድምፁን አጥፍቶ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኛ ምርቃቱን ስናዥጎደጉድ እሳቸው ማጠፊያው ላይ ጎንበስ ብለው «ቆይ፣ አንድ ይቀራል» ይላሉ። ልጃቸውን የዳሩ ዕለት እንኳ ሙሽሮቹ ከተሳፈሩ በኋላ የመኪናውን ጎማ በጫማቸው ጫፍ እየነካኩ አጃቢውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አቁመውት ነበር።

የዚህ አመላቸው ቤተ መቅደስ የእህታቸው ኮምፒውተር ነው። ባለቤቴ የቤት ንድፍ ታወጣለች፤ ሥራው ከባድ ስለሆነ ማሽኑ እንደ ምድጃ ይግላል። የሌላው ሰው ኮምፒውተር በማራገቢያ ይቀዘቅዛል። የእሷን ግን ጋሼ በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርገው ገጠሙላት፤ ብርጭቆ የመሰለ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከሥሩ ትንሽ ፓምፕ፣ ከዚያ ውሃውን በማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚያዞሩ ቱቦዎች። ለእኔ ውሃና ኤሌክትሪክን በአንድ ሳጥን ማኖር ድመትና አይጥን በአንድ ካርቶን አሽጎ መልካም አዳር እንደመመኘት ነው። ይህን ተናግሬ ሰሚ አላገኘሁም።

አንድ ቅዳሜ ማሽኑ «ቡልቅ ቡልቅ» ማለት ጀመረ፤ ከማጠራቀሚያው ሥርም ጠብታ ታየ። ባለቤቴ ሰኞ ጠዋት የምታስረክበው ንድፍ ነበራት። ደወለች፤ ጋሼ ከተፍ አሉ።

«መጀመሪያ ንቀዪው» አሉ ከበሩ ሳይገቡ።

«ነቅዬዋለሁ ወንድም ጋሼ።»

«ንቀዪው አልኩሽ እኮ።»

ሶኬቱን አንስታ ዓይናቸው ሥር ስታሳያቸው ነው ኮታቸውን ያወለቁት።

ውሃውን አፈሰሱ፤ ማጠራቀሚያውን ፈቱ፤ ከመጋጠሚያው ላይ ውሃ እንዳያፈስ የምትይዘውን ክር የምታክል ጎሚኒ አውጥተው ወደ መስኮቱ ያዟት። ተጣማ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቃለች። «ማነው እንዲህ አንቆ ያጠበቃት?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በዚህ ቤት ካቻቢቴ እንዳልነካ በእሳቸው በራሳቸው የታገድኩ ሰው ነኝ። ጎሚኒዋን ደግመው አዩና «ለካ እኔው ነኝ» አሉ። «ባለፈው ግራ እጄ ደንዝዞብኝ ስለነበር ልኩን አላወቅሁትም።»

አዲስ ጎሚኒ አጠለቁ፣ በጣታቸው ብቻ አጠበቁ፣ ውሃ ሞሉ፣ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፉ። ከዚያ ፓምፑ ብቻውን እንዲሠራ አደረጉ። ሌላው የማሽኑ አካል ሶፍቱ ደርቆ እስኪታይ መብራት አያገኝም። «ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ሶፍት አይዋሽም» ይላሉ ሁልጊዜ።

የእኔ ሹመት ሳጥን አዘንባይነት ነው። ቱቦው ጥግ ላይ የተደበቀ አየር ወደ ማጠራቀሚያው ወጥቶ እንዲሄድ ያንን ሁሉ ብረት ታቅፌ ወዲያና ወዲህ አጋድላለሁ።

«ወደ ግራ። ቀስ። ልጅ የታቀፍክ አይመስልህም?»

አንድ አረፋ ሽቅብ ወጥቶ ጠፋ።

«ሄደ፣ ጋሼ?»

«ሄደ። አንድ ይቀራል።»

ቀና ብዬ ሳያቸው ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። አየር ነው፤ ምሳ ላይ ተቻኩዬ።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሳች። «እጄ ደንዝዞ ነበር አላልክም? ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሰኞ የምታስረክቢው ሥራ አለሽ። ሶፍቱን ሳላይ የትም አልሄድም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለአንዲት ጠብታ ሙሉ ቀን የሚጠብቁ ሰውዬ ለገዛ ደረታቸው ጊዜ የላቸውም! ሳጥኑን አስቀምጬ ፓምፑን ነቀልኩት። «ጋሼ፣ ማሽን ሲያፈስ መጀመሪያ ንቀሉ እያሉ ጠዋት ማታ ይመክሩናል። እርስዎንስ ማን ይንቀልዎት?»

ኮታቸውን ራሴ አለበስኳቸው።

የመረመረቻቸው ሐኪም ከልባቸው ደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው ነገረችን። «ቤት ቆይተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለች። መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሲያማርሩኝ የኖሩትን ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ስንገባ ጋሼ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ተኝተዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሶፍቱን አየሽው?»

«ደርቋል፣ ወንድም ጋሼ» አለች፤ ከሐኪም ቤቱ ሳትወጣ የዋለችው ባለቤቴ። ሶፍት አይዋሽም፤ እህት ግን ትዋሻለች። ንድፉ ሰኞ አልደረሰም፤ ደንበኛው ትንሽ አጉረምርሞ ዝም አለ።

ከሕክምናው በኋላ ቤታችን የመጡት ከስተው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው ነው። ከባድ ነገር እንዳያነሱ ተከልክለዋል። ወንበር አቀረብንላቸው። ያቋረጥነውን ልንጨርስ ፓምፑን ሰክቼ ሳጥኑን ታቅፌ አጋደልኩ፤ አንድ አረፋ ወጣ፣ ሌላም ተከተለ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ተደግፈው መነሳት ጀመሩ።

«በቃ፣ አለቀ» አሉ።

ያቺ ቃል ከእሳቸው አፍ ስትወጣ አስደነገጠችኝ። ሐኪሟ እንኳ እንደዚያ አላስደነገጠችኝም።

«ቆይ ጋሼ» አልኩ ሳጥኑን እንደታቀፍኩ። «አንድ ይቀራል።»

«የቱ ጋ?»

«እዚያ ጥግ ላይ።»

መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ማጠራቀሚያው ጎንበስ አሉ። ውሃው ጥርት ብሏል፤ አንዲትም አረፋ የለችበትም። ደጋግመው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እውነትህን ነው» አሉ። «አንድ ይቀራል። ወደ ግራ አድርገው። ቀስ።»