ክብርት ይመዝገብልኝና አሥራ ሁለተኛዋ መሥራች

ማኅበር የሚቆመው በሊቀመንበር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስብሰባ ገብቶ አያውቅም። ሊቀመንበር ይመጣል፣ ያኮርፋል፣ ይታመማል፣ ይሄዳል። ማኅበር የሚቆመው ጥግ ላይ ተቀምጠው ደብተር በያዙ ሴቶች ነው። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ አንዳንድ አይጠፉም። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። አንዱ ቢነጥፍ ብለው ሁለት እስክሪብቶ ይይዛሉ። የዛሬ ስድስት ዓመት ያላችሁትን እናንተ ብትረሱት እነሱ አይረሱትም። ከእነሱ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። እኔን ደግሞ እግዜር ከእነዚህ አንዷን አማት አድርጎ ሰጠኝ።

የባለቤቴ እናት የአገሪቱ የሴት ማኅበራት ሁሉ የተሰባሰቡበት ኅብረት ጸሐፊ ናቸው። ልብስ ሰፊዎች፣ አዋላጆች፣ የገበያ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎች፣ ታይፒስቶች፣ ሁሉም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። ማኅበራቱን አንድ ላይ የያዘው ኅብረቱ ነው፤ የኅብረቱን ደብተር የያዙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይኸው አርባ ዓመታቸው። በቤታችን የሚጠሩት ክብርት ይመዝገብልኝ እየተባሉ ነው፤ በእርግጥ እሳቸው በሌሉበት።

ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ምክንያትም ነበረኝ። ልጃቸውን ለማግባት ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ላቤ እየወረደ የተዘጋጀሁበትን ንግግር አደረግኩ። እሳቸው ደብተር አወጡ። «ቀስ ብለህ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «እንከባበራለን ብለሃል። የቤት ሥራ እካፈላለሁ ብለሃል። ይመዝገብልኝ» አሉና አስፈረሙኝ። እነሆ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ስንጋጭ ዳኛ አንፈልግም፤ ገጽ ስምንት ይገለጣል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።

የቤተሰብ ምሳም ቢሆን ያለ ቃለ ጉባኤ አይበላም። የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩ፣ ያለ ፈቃድ የቀሩ። የገዛ ልጃቸው፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ስለሚውል ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ፈቃድ እንደቀረ ነው። አንድ እሑድ ከጎማ ጥገና በቀጥታ መጥቶ ቅባት በቅባት ሆኖ ቢቀመጥ፣ ቀና ብለው አይተውት «አርፍዶ የተገኘ» ብለው ጻፉ። ሰውየው ደስ አለው፤ እድገት ነበር።

እንግዲህ ኅብረቱ አርባኛ ዓመቱን ሲይዝ ታሪኩ በመጽሐፍ ይውጣ ተባለ። የኅብረቱ ሰብሳቢ አዋላጅ ናቸው፤ ብዙ ሕፃን የተቀበሉ ስለሆነ ነው መሰለኝ የሰው ጩኸት አያስደነግጣቸውም። አማቴን «አማችዎ ጋዜጣ ላይ ይጽፉ የለ? እሳቸው ይጻፉልን» አሏቸው። እኔ በሌለሁበት ተወሰነ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቤት መጥተው አነበቡልኝ። ልቃወም ስል «ያኔ ነበር መገኘት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ስድስት ወር አታንሱብኝ። በየቅዳሜው የአማቴ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ሰባት ደብተር ተደርድሮ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይሰርዛሉ። «ኅብረቱ በታላቅ አንድነት ተመሠረተ» ብዬ ጀመርኩ።

«አንድነት የሚባል ነገር አልነበረም» አሉ። «ይመዝገብልኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ ደብተሩ ይመሰክራል። የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልጆች ወንበር ላይ ነበር። ሁሉም ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ሲቀመጡ፣ የአስተማሪዎቹ ተወካይ እንደ ለመደባቸው ሄደው የመምህር ወንበር ላይ ተሰየሙ። እሳቸውን ከዚያ ለማውረድ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀ። የማን ሙያ ስም ደብዳቤው ራስጌ ላይ ይቅደም የሚለው ሦስት ስብሰባ በላ። በአምስተኛው ወር አዋላጆቹ «ያለ እኛ ማን ይወለዳል» ብለው ረግጠው ወጡ፤ ሲወጡ ማኅተሙን በቦርሳቸው ይዘውት ሄዱ። ሁለት ዓመት ኅብረቱ ያለ ማኅተም ኖረ። ሲመለሱ ማኅተሙ ተወልውሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ጭራሽ ስለወለወሉት መመስገን ፈለጉ።

ቀልዱን ትቼ አንዱን ልንገራችሁ። የወሊድ ፈቃድ እንዲራዘም የሚጠይቀውን ደብዳቤ ይዘው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። አሥራ ስድስቱን ጊዜ «ነገ ኑ» ተባሉ። በአሥራ ሰባተኛው አማቴ ደብተር ገልጠው ከኃላፊው ፊት ቆሙና አሥራ ስድስቱን «ነገ ኑ» ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከተናጋሪው ስም ጋር ጮክ ብለው አነበቡ። በስድስተኛው ላይ ሰውየው በሩን ዘጋ። በአሥራ አንደኛው ላይ ደብዳቤውን ተቀበለ። አሥራ ስድስተኛውን ሲጨርሱ ፈርሞ ነበር። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቻችንን ወልዳ ቤት የተኛችው በዚያ ፊርማ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ?

ጣጣው የመጣው የመሥራቾች ስም ዝርዝር ላይ ስንደርስ ነው። ሥራ አስፈጻሚው መሥራች የሚባለው በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ በተገኙት ተርታ ስሙ ያለ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ደብተር ቁጥር አንድን ገለጥን። አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ ፊርማ። የአማቴ ስም የለም።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ታይፒስቶቹን ወክዬ ነበር።»

«ታዲያ ስምዎን ለምን አልጻፉም?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። የጽሕፈት ትምህርት ቤት መምህራቸው ጸሐፊ እጅ እንጂ ሰው አይደለችም እያለ ነበር ያስተማራቸው። የሚጻፈው የተገኘ ሰው ነው፤ እጅ ደግሞ አይገኝም፤ እጅ ይጽፋል። በሁለተኛው ስብሰባ የዚያን ጊዜዋ ሰብሳቢ ተቆጥተው «ጸሐፊ» ብለው እንዲፈርሙ አደረጓቸው። ግን በሁለተኛው ስብሰባ ሌሎች ዘጠኝ ሴቶችም መጥተው ነበር። ለአንዷ በር ከተከፈተ ዘጠኙም ማኅበራት መሥራች ነን ብለው ሊሰለፉ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ይህን ፈራ። «ጽሑፉ የእሳቸው መሆኑን ማን ካደ?» አሉ ሰብሳቢዋ። «ጸሐፊ እኮ ተቀጥሮም ይጽፋል። ሰነድ ሰነድ ነው።»

ከአሥራ አንዱ በሕይወት ያሉት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው። አልጋቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። «ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የምትጽፍ ቀጭን ልጅ ነበረች» አሉኝ። «ማን እንደነበረች ግን እንጃ ልጄ።» ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ የደበቅኳቸው ነገር ቢኖር ይኸ ብቻ ነው።

እሳቸው ምንም እንዳልመሰላቸው ሆኑ። ለልጃቸው ግን አንድ ቀን ዕቃ እያጠቡ «አርባ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የኔን የሚጽፍ ይጥፋ?» ብለዋት ባለቤቴ አልቅሳ መጣች። እኔ ክብርት ይመዝገብልኝ ምንም የማይፈልጉ ሴትዮ ይመስሉኝ ነበር። ፈልገዋል። አንዲት መስመር ነው የፈለጉት፤ እሷን አጥተው እንዳይሞቱ ፈራሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ብልግና አሰብኩ። ደብተሩ አርባ ዓመት የኖረው በእሳቸው ቁም ሣጥን ነው። ከአሥራ አንደኛው ስም በታች ደግሞ አንድ ባዶ መስመር አለ። በጣቴ አሳየኋቸው። «እማማ፣ እዚህ ቦታ አለ እኮ። ማን ያያል?»

እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸውን ግን አላነሱም። «አርባ ዓመት እዚህ ቦታ እንዳለ የማላውቅ መሰለህ?» አሉና ደብተሩን ዘጉት። «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ላይ እጅ አይገባም። የሚያርመው ጉባኤ ብቻ ነው።»

አፈርኩ። አፍሬም ታይፒስቶቹ ማኅበር ጋ ሄድኩ፤ ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ነው የሚጽፉት። ተወካያቸው ወጣት ናት። የማረሚያ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ እንድታቀርብ ለመንኳት፤ ሳትግደረደር እሺ አለችኝ።

የጉባኤው ቀን እኔ ኋላ፣ በእንግዶች ወንበር ነበርኩ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ጥጉ ላይ ደብተራቸውን ዘርግተዋል። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። ዘጠኙ ማኅበራት «እኛስ?» አሉ፤ አስተማሪዎቹ ስለ መርሕ ተናገሩ፤ የገበያ ነጋዴዎቹ ስለ አስተማሪዎቹ ተናገሩ። አማቴ ሁሉንም ጻፉ፤ በራሳቸው ላይ የተነገረውንም አንድ ቃል ሳያስቀሩ ጻፉ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ አሥራ አራት። ተቃውሞ አሥራ አራት። ድምፅ ያልሰጠች አንዲት ሴት ቀረች።

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ። አማቴ ቀና ሳይሉ «ድምፀ ተዓቅቦ አንድ» አሉ። «ጉዳዩ እኔን ስለሚመለከት። ይመዝገብልኝ።»

ጸሐፊም ድምፅ አላት፤ እጃቸውን ቢያነሱ ያለቀ ነገር ነው። ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። በዚያች ሰዓት እንደ እሳቸው ያለ ችኮ ሰው ተፈጥሮ አያውቅም ብዬ ነበር።

ድምፅ እኩል ሲሆን የሚወስኑት ሰብሳቢዋ ናቸው። ያንን «ሰነድ ሰነድ ነው» እየጠበቅኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ይኼን ነገር ሳውጠነጥን ሰንብቻለሁ» አሉ ሰብሳቢዋ። «በዚህ ቤት አንድ ነገር ሆኗል አልሆነም ስንባባል ደብተሩን እናያለን። ደብተሩ ካለ ሆኗል። አርባ ዓመት የሴትየዋን እጅ አምነን፣ ሴትየዋ አልነበረችም እንዴት እንላለን? አሁን በዓይናችን አየን፤ አንድ ጣት ማንሳት አቅቷት ሳይሆን ስለማይገባት ተወችው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ ካለ ነበረ። ድጋፍ ነኝ።»

ጭብጨባ ሆነ። አማቴ አላጨበጨቡም፣ አልጻፉምም። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቆሟል። ከዚያ ተነሱና በጉባኤው መሐል አልፈው፣ እኔ እስከ ተቀመጥኩበት ድረስ መጥተው ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡ። በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብለው ጠሩኝ።

«ስለ ራሴ የተወሰነ ነው፤ እኔ አልጽፈውም። ሰብሳቢዋ ከፈቀዱ እርስዎ ይጻፉት።»

ሰብሳቢዋ ፈቀዱ። የታይፒስቶች ማኅበር ተወካይና የኅብረቱ አሥራ ሁለተኛ መሥራች ብዬ የአማቴን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፍኩ። ብዙ ነገር ጽፌ በልቻለሁ፤ እንደዚያች መስመር የኮራሁበት የለም። እኚህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ደክሞኛል ግን እወዳቸዋለሁ።

ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡት። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ቆዩ። መልሰው ሰጡኝ።

«ቀን አልጻፍክበትም» አሉኝ።