ክትፎ የሌለበት የደራስያን በዓል

አበሻ መጽሐፍ አይወድም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ። ውሸት ነዋ! አበሻ መጽሐፍ ይወዳል። ተጋፍቶ ይገዛዋል፣ ከደራሲው ጋር ፎቶ ይነሳበታል፣ ከነላስቲኩ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መኪናውን ሲሸጥ አብሮ ይሸጠዋል። የማይወደው ማንበቡን ብቻ ነው።

እኔ ማንበብ እወዳለሁ። ሌላ የምወደው ነገር ብዙ ስለሌለ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም፣ ገበያም፣ ልቅሶ ቤትም ሲያገኙኝ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ያ መጽሐፍ ግን ምን ይላል? መጨረሻው ምን ሆነ?» ይሉኛል። ስንት ቀን ዓይኔን ያጠፋሁበትን ነገር አኝኬ እንዳጎርሳቸው ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንብበው።» በዚህ ምክንያት ክፉ አሮጊት ይሉኛል። ይበሉኝ። ክፉ መባል ካልቀረ በመጽሐፍ መባሉ ይሻላል።

በስደት የምንኖርባት ኮሎምበስ ትልቅ ከተማ ናት፤ የእኛዋ ኮሎምበስ ግን ትንሽ ናት። በአንዱ ጫፍ ኢስትሙር ላይ ያስነጠሰ ሰው በሌላው ጫፍ ግሮቭ ሲቲ ላይ «ይማርህ» ይባላል። በዚህች ትንሽ ከተማችን በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ «የደቡብ ደራስያን፣ የምግብና የመጠጥ በዓል» ይደረጋል። አገር ቤት ደቡብ የሚባለው ክልል ተከፋፍሎ ስሙ ሲቀር፣ እዚህ ግን እንዳለ አለ። ከእነሱ ይልቅ ስለምንፋቀር አይመስላችሁ። ብንከፋፈል ለእያንዳንዳችን የሚሆን አዳራሽ ስለማናገኝ ነው።

የበዓሉን ስም ልብ በሉልኝ። ደራስያን ከፊት ነው የሚጠሩት። ሠርግ ላይም ሽማግሌ ከፊት ይጠራል፤ ለማን ተብሎ እንደተመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። በእኛ በዓል ደራሲው ለክትፎው እጅ ማስታጠቢያ ነው። አንድ ሁለት ገጽ ያነባል፣ ሕዝቡ እጁን ያሻሻል፣ ከዚያ ይበላል። ለስንት ዓመት ይህን አየሁ። ለስንት ዓመትም ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ዝም አላልኩም፣ የሰማኝ ግን አልነበረም።

አምና ግን ነገሩ ከዝምታም ከጩኸትም አለፈ። ጋሼ ዳንጊሶ የሚባሉ ሰው አሉ። ሲዳማ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ፣ አሁን ግሮቭ ሲቲ ልጃቸው ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ጭምት ሰው ናቸው። አጫጭር ታሪክ ይጽፋሉ። ምስጋና ከአፌ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ፤ ጋሼ ዳንጊሶ ግን መጻፍ ይችላሉ። አምና ተነስተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርሱ ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ለብለብ ክትፎው እየቀዘቀዘ ነው!» አለ። ወንበር ተንኳኳ። ሰው ተነሳ። ጋሼ ዳንጊሶ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጥፈው፣ «ብሉ፣ ብሉ፣ ከምግብ የሚበልጥ የለም» ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታው ነው እኔን የገደለኝ።

ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ልጃቸውን ሲጠብቁ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እትዬ ጽጌ፣ ከእንግዲህ ይበቃኛል» አሉኝ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው እስከ መጨረሻው ቢሰማኝ ኖሮ እቀጥል ነበር።»

«የሚመጣው ዓመት ይሰማዎታል» አልኳቸው።

«በምን ኃይል?»

እሱን ገና አላሰብኩበትም ነበር። ግን ማልኩ። ሴት ልጅ በሰባ ዓመቷ ከማለች ቀልድ አይደለም።

ብዙ መጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሰውን በክርክር አሸንፎ የሚያውቅ የለም፤ ሰው የሚሸነፈው በገዛ ልማዱ ነው። ስለዚህ የበረዶውን ወራት ሙሉ ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም ንግግር ከማድረግ ይልቅ ኮሚቴ ገባሁ። የበዓሉን ቀን የመምረጥና አዳራሽ የመፈለግ ሥራ ማንም አይፈልገውም፤ «እኔ እይዘዋለሁ» ስል አጨበጨቡልኝ።

ቀኑን ከኦርቶዶክስ ወሰድኩ፤ አዳራሹን ከፕሮቴስታንት።

ላስረዳችሁ። ከሕዝባችን ግማሹ እንደኔ ኦርቶዶክስ ነው፣ ግማሹ ፕሮቴስታንት። ቀኑ ዓርብ ሆነ፤ ያውም የፍልሰታ ዓርብ። ጾመኛው ሥጋ አይነካም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምስም። አዳራሹ ደግሞ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ያለ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሆነ፤ በዚያ በር ጠጅም ቢራም አይገባም። ክትፎ ሠሪያችን አስካለ ጾሟን ለንጉሥ የማትፈታ ሰው ናት። የቀረው ፕሮቴስታንቱ ነው፤ ጾመኛ ፊት ቁጭ ብሎ መብላት ይችላል፣ የሚከለክለው ሕግ የለም። ይሉኝታ ግን አለ። አያችሁት? ምግቡ ሄደ፣ መጠጡ ሄደ፤ ከበዓሉ ስም ውስጥ የቀሩት ደራስያን ብቻ ናቸው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ወንዴ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ምንም ሳይጠረጥር «ኦኬ» ብሎ አሳለፈው። ማስታወቂያው ከተበተነ በኋላ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ውስጥ ከተቱን? ዴቱ እኮ ፍልሰታ ላይ ነው! አስካለ አሁን ኮል አድርጋ ጮኸችብኝ!»

«አንተ ጾም ታውቃለህ እንዴ?»

«አላውቅማ! ስለማላውቅ እኮ ነው ኦኬ ያልኩት!»

«እንግዲያው ቀይረው።»

«በምኑ? አዳራሹን ቡክ አድርገናል። ቅዳሜ ሠርግ አላቸው፣ እሑድ ሰርቪስ ነው።»

«ወይ ጉድ!» አልኩ። እንዲህ ያለ ያማረ «ወይ ጉድ» ወጥቶኝ አያውቅም።

አስካለ ግን እንደ ወንዴ ሞኝ አይደለችም። «እትዬ ጽጌ፣» አለችኝ፣ «እርስዎ በልጅነትዎ ያነበቡትን መጽሐፍ በቃል ይወጡታል፤ ፍልሰታን እንዴት ረሱ?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«እርጅና!» አለች። «እሺ። ቆጮ በጎመን እሠራለሁ። ግን አውቄብዎታለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። እዚህ ላይ ስለራሴ ጤና አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ስኳር አለብኝ። «አትጹሚ» ያለኝ ሐኪሜም ነው፣ የንስሐ አባቴም ነው፤ ሁለቱ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ግን ንገሩኝ፣ ያን ሁሉ ሰው አስርቤ እኔ ቁርስ በልቼ ልሄድ? መድኃኒቴን ዋጥኩ፣ ቁርሴን ተውኩ። ለጾሙ ፍቅር ነው ብል እዋሻለሁ። እልህ ነው።

ማስታወቂያው ሰባት ሰዓት ይላል፤ ሰው እስኪሞላ ሰባት ተኩል አለፈ። ጸሎቱ ራሱ ሁለት ነበር፤ አንዱ የቄስ፣ አንዱ የፓስተር፣ ሁለቱም ላለመበላለጥ ረዘም አደረጉት። ወንዴ ንግግር አደረገ። ትንሿ ልጁ ከፊት ወንበር ላይ ሆና፣ «ዳድ፣ አይም ሃንግሪ» አለችው፤ የሕዝቡን ስሜት ጠቅልላ ያቀረበችው እሷ ናት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ዳንጊሶ ተነሱ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ወደ ኩሽናው በር ያያሉ፤ አምና ከምግቡ ወገን ነበር የተመቱት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ባልቴት አለች፤ ያላት ሀብት የእንሰት ጓሮዋ ነው። ከጎረቤት የሚለያት የወሰን ድንጋይ አለ። አንድ ማለዳ ስትወጣ ድንጋዩ አንድ ክንድ ወደ ጓሮዋ ገብቶ ታገኘዋለች። በሳምንቱ ሌላ ክንድ። ጎረቤቷን ትጠረጥራለች፤ ጎረቤትየው ታሞ ተኝቷል። የባሏን ወንድም ትጠረጥራለች፤ እሱ አገር ለቆ ሄዷል። እያለች እያለች ጥርጣሬዋ አንድ ልጇ ላይ ይደርሳል፤ ያን ግን ለራሷም መናገር አትችልም።

ለእኛ ሰው የወሰን ነገር አንሱለት! አያቱ በወሰን የተካሰሰ፣ አጎቱ በወሰን የተፈነከተ፣ እሱ ራሱ ኢስትሙር ቤት ገዝቶ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ነገር የማይነጋገር ሰው ነው የተቀመጠው። መጀመሪያ ስልክ ያይ የነበረው ሁሉ ስልኩን ደፋ። ቀጥሎ መንሾካሾክ ተጀመረ።

«ወንድምየው ነው፤ ሄድኩ ብሎ ተደብቆ ነው።»

«ዝም በል እስቲ!»

«ልጇ ነው እባክህ። ልጅ ነው ሁልጊዜ።»

አስካለ ጭልፋዋን እንደያዘች ከኩሽና ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ባልቴቷ ሊነጋጋ ሲል ወጥታ እንሰቱ ውስጥ ተደብቃ ተቀመጠች። የእግር ኮቴ ተሰማ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሆነ፤ ጾም መፈቻው ደረሰ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

መጀመሪያ የደስታ መሰለኝ። ቀጥሎ የጋሼ ዳንጊሶ ፊት ሁለት ሆነ። ስኳሬ መውረዱን አወቅሁ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ መውደቅ ነው። አሮጊት ከወደቀች ደግሞ ታሪኩም አብሮ ይወድቃል። «ወይኔ እትዬ!» ይባላል፣ ውኃ አምጡ ይባላል፣ አምቡላንስ ይጠራል፣ ያ ሁሉ ጆሮ ከጋሼ ዳንጊሶ ተነጥቆ ወደ እኔ ይመጣል። ክትፎን ያሸነፍኩ ሴት በራሴ ሬሳ ልሸነፍ? ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ወንበሩን ይዤ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ በአስካለ ጎን አልፌ ኩሽና ገባሁ። አስካለ እንኳ ዘወር ብላ አላየችኝም። እንዲህ ተንቄ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለልጆች የተቀመጠውን ጭማቂ አንስቼ ጨለጥኩት። ከዚያ የፎይሉን ትሪ ገለጥኩ። ቆጮውን በእጄ ገመስኩ፣ ጎመን አፈስኩበት፣ ቆሜ በላሁ። ፍልሰታን በዘጠኝ ሰዓት የፈታው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዋ ብቻ አይደለም፣ ብቸኛዋ። ከግድግዳው ማዶ የጋሼ ዳንጊሶ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በአንድ አፍ፣ «ሆ!» አለ። ወዲያው ጭብጨባው ወረደ፤ ረጅም ጭብጨባ፣ የምግብ ያልሆነ ጭብጨባ።

አፌን ጠርጌ ስወጣ ጋሼ ዳንጊሶን ከበዋቸዋል። ገፋ ገፋ አድርገው ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«እትዬ፣ መጨረሻው እንዴት ነው?» አሉኝ። «ከማንም በላይ የእርስዎን አስተያየት ነው የምፈልገው።»

ግሩም ነው ማለት እችል ነበር። ሳያነብ ግሩም ነው የሚለውን ሰው ዕድሜ ልኬን ስሰድብ ባልኖር ኖሮ።

«አልሰማሁትም» አልኩ። «ኩሽና ነበርኩ። ስኳሬ ወርዶ።»

ደንግጠው አገጬን አዩ። ጎመን ነበረበት። መጀመሪያ ደህና መሆኔን ጠየቁ፤ ደህና ነኝ ስላቸው እኚያ ጭምት ሰው ሳቁ። እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«አምና በክትፎ ተሸነፍኩ፣» አሉ፣ «ዘንድሮ ሕዝቡ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ እትዬ ጽጌን ቆጮ ወሰደብኝ!»

ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ስለ ባልቴቷ ይጨቃጨቅ ነበር። ትክክል አደረገች የሚል አለ፣ ኧረ እግዜርንም አልፈራች የሚል አለ። መጨረሻው እንዳመለጠኝ ሰምተዋልና ስጠጋቸው ወሬ ቀየሩ። አላስቻለኝም፤ አስካለን ጠየቅኋት።

«ማን ነበር ድንጋዩን የሚያንቀሳቅሰው?»

አስካለ ጎመኑን መጨለፏን አቆመች። ቀስ ብላ ቀና አለች። ከዚያ በእኔው ድምፅ፣ በእኔው ፊት፣ አፍንጫዋን እንደኔ ነፍታ፣ «ያንብቡት!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜ ልኬን የዘራሁት ነው፤ ማጨዴ አይቀርም ነበር።

እነሆ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጋሼ ዳንጊሶ፣ «ሲታተም ያገኙታል» ብለው እምቢ አሉ፤ ወንዴም ስደውልለት፣ «ሶሪ እትዬ፣ ቃል ገብተናል» ይለኛል። ስለዚህ እናንተም አትጠይቁኝ። አሁን ኮሚቴውን ለኅትመቱ እያስጨነቅሁት ነው፤ ካላሳተሙት ደግሞ በሚመጣው በዓል እንደገና ይነበባል፣ ብለን ተስማምተናል። ጋሼ ዳንጊሶም ሌላ ታሪክ ጀምረዋል አሉ።

የሚመጣውን በዓል ቀንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ አዳራሹም ያው ነው። አስካለ አሁን ሰምታ አልጮኸችም። ሰው ሁሉ ጾሙን ይመጣል።

እኔ ገንፎ በልቼ እመጣለሁ።