ከጅቡቲ የመጣው አዲሱ ጌም

ነገሩ ሁሉ ያስወጣኝ የሁለት ሙክት ዋጋ ነው። ሚስቴ ግን እስከ ዛሬ አራት ትላለች።

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሮጌውን ከማማት የሚቀድም ሥራ የለውም። እኔም አዲሱን የቴሌቪዥን ጌም እንደገዛሁ፣ ሁለት መስመሮች ኳስ የሚቀባበሉበትን አሮጌውን «ይሄ እንኳ የልጅ ነው» ብዬ ለጎረቤቴ ለሐጂ ሰይድ ሰጠኋቸው። እኔና ሐጂ ሱቃችንን ዘግተን ማታ ማታ በዚያ ነበር የምንፎካከረው።

አዲሱን ሊመርቁልኝ መጡ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ በቀለም ደምቆ ይሮጣል፤ የማያውቃቸው ነገሮች ያሳድዱታል።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ ይሆናል።»

«እሺ፣ እኔ የምጫወትበት መያዣስ የታለ?»

«እ... ይሄ የአንድ ሰው ነው። እርስዎ ያያሉ።»

ሐጂ በትዕግሥት አዩ፤ ሻያቸውን ጨርሰው፣ መርቀው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጡም። እኔ ብቻዬን አሸንፋለሁ። ግን ማንን ልተርብ? ሰውዬውን?

አንድ ምሽት ከአጥሩ ማዶ የሐጂ ሳቅ ተሰማኝ። በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ ባይ፣ በር ከፍተው ከሚስታቸው ጋር በአሮጌው ጌም ተያይዘዋል።

«አንተ፣ ለመሸነፍም ጥሪ ትጠብቃለህ? ና ግባ!» አሉኝ ሐጂ።

አዲሱ ጌም አሁን እኔ ቤት ነው። እኔ ሐጂ ቤት ነኝ።