በድምፅ ብልጫ የታየች ኮከብ

በደርግ ዘመን ሳይወረስ የቀረ ነገር ቢኖር ሰማይ ብቻ ነበር። የገጠሩ መሬት ተወረሰ፣ የከተማው ቦታ ተወረሰ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ከትርፍ ቤቱም ጋር የባለቤቱ እንቅልፍ አብሮ ሄደ። ሰማይን ግን ማንም ትርፍ ነው ብሎ አልመዘገበውም። እኔም የዋህ ነኝና፣ መንግሥት ያልደረሰበትን ነገር ይዤ ብቀመጥ ማን ይነካኛል ብዬ ወደ ላይ ማየት ጀመርኩ። ሰው ወደ ላይ ሲያይ፣ እሱን ደግሞ ከጎን የሚያየው እንዳለ የሚረሳው ለምንድን ነው?

ኮከብ ማየት ስላችሁ ዝም ብሎ ማንጋጠጥ እንዳይመስላችሁ። ብርሃናቸው የማይረጋ ከዋክብት አሉ፤ ዛሬ ይደምቃሉ፣ ከርመው ይደበዝዛሉ። እኛ የያዝነው አንዷን ነበር። ዑደቷ አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ወር ደምቃ ትታይና ቀስ በቀስ ትከስማለች፤ ከዚያ በኋላ በባዶ ዓይን ፈልጎ ማግኘት የለም። ጊዜዋ ሲደርስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ብቅ ትላለች። ሥራችን በየምሽቱ አጠገቧ ካሉት ከማይለወጡት ከዋክብት ጋር እያስተያየን የድምቀቷን ደረጃ በቁጥር መጻፍ ነው። ምን ይጠቅማል? ይህን እናቴም የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ጠይቀውኛል፤ ሁለቱንም አላረካሁም።

እኛ ስል ሦስት ነን። አንዱ እኔ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ። ሁለተኛው ጋሽ ዘውዴ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊ፤ ስድሳን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ግን በጭላንጭል መርፌ ላይ ክር የሚሰኩ። በኮልፌ የሳቸውን ዓይን የሚያህል ዓይን አልነበረም። ሦስተኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከከፋ ክፍለ ሀገር መጥተው ሃያ ዓመት ሱቅ የነገዱ፣ ጓሯቸውን ለሳይንስ የለገሱ ሴት። ጓሮው የተመረጠው ፊት ለፊቱ ያለው የመንገድ መብራት ከተቃጠለ ስለቆየ ነው። ቀበሌው አምፖሉ እንዲቀየር በየስብሰባው ይወስናል፤ እኛ ደግሞ ውሳኔው እንዳይፈጸም እንጸልያለን። ጸሎታችን ሁልጊዜ ይሰማ ነበር።

ሕጋችን አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ጥሎልኝ ከሄደው ትንሽ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ለየብቻ እይ፣ ለየብቻ ጻፍ፣ ባልንጀራህን ስንት አየህ ብለህ አትጠይቅ። ካላየህ ደግሞ “አልታየችም” ብለህ ጻፍ፤ አለማየትም ራሱ መረጃ ነው። ይህን ለጋሽ ዘውዴ ተርጉሜ በነገርኳቸው ቀን እንደ አሥርቱ ትእዛዛት ተቀበሉት። አንድ ምሽት ሳላስበው ዛሬ ደመቅ ሳትል አትቀርም ብል፣ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ዓይኔን አበላሸህብኝ አሉና ሳይጽፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

ያስያዘንም ይኸው ዝምታችን ነው። ሦስት ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ቢያወራ፣ ቢስቅ፣ ቢጣላ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ካለ ግን በዚያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። በታኅሣሥ ወር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን ሳይሞላ፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በጓሮ በር ገቡ። ምን ትሠራላችሁ አሉን። ኮከብ እያየን ነው አልኳቸው። አንደኛው ባትሪውን መጀመሪያ ወደ ሰማይ አበራ፤ የሚፈልገውን ሲያጣ ወደኛ መለሰው። ደብተራችንን ገለጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የሦስት ሰው የስም መነሻ ፊደል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ። ይህ ኮድ ካልሆነ ኮድ ምን ሊሆን ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እይዘን ነበር። ደብተሩን ይዘው ሄዱ፤ ቅጂ አልነበረንም።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራን። ሊቀመንበራችን ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጡ ነበር፤ አሁንም ሰው ሲያዩ ከየት ተሳፍረህ የት ትወርዳለህ የሚሉ ይመስላሉ። በማን ፈቃድ ተደራጃችሁ አሉ። አልተደራጀንም አልኩ። ጥፋታችሁ እሱ ነው አሉ። ስለ ኮከቧ አስረዳሁ፤ እየደመቀች መልሳ እንደምትደበዝዝ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ይሄ የወላዋይ የንዑስ ከበርቴ ባሕርይ ነው አሉ። ባሕርይዋን ያመጣሁት እኔ አለመሆኔን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

በመጨረሻ ወሰኑ። ሐሙስ ምሽት የቀበሌው ኮሚቴ በሙሉ እትዬ አስካለ ጓሮ ይገኛል። ኮከቧ ካለች ደብተሩ ይመለሳል፣ እኛም የኮከብ ተመልካቾች ንዑስ ክበብ ሆነን እንደራጃለን። ከሌለች ግን ደብተሩ ኮድ ነው፤ ኮድ የጻፉ ሦስት ሰዎች ደግሞ፣ አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። በዚያን ዘመን ሳያልቅ የተተወ ዓረፍተ ነገር ያስፈራ ነበር።

ችግሩ ኮከቧ እየከሰመች መሆኗ ነው። እኔና እትዬ አስካለ ካየናት ሁለት ሳምንት አልፏል። ጋሽ ዘውዴ ብቻ፣ በዚያ ዓይናቸው፣ ሰኞ ዕለት የመጨረሻዋን ጭላንጭል መዝግበዋል። ሐሙስ ማንም አያያትም። እኔ መላ አገኘሁ፤ ከሷ ትንሽ ፈንጠር ብላ የምታበራ ሌላ ኮከብ አለች፣ እሷን እናሳያቸዋለን። እትዬ አስካለ ወዲያው ተስማሙ፤ ነጋዴ ናቸው፣ ዕቃ ሲጠፋ የሚመስለውን ማቅረብ ያውቃሉ። ጋሽ ዘውዴ ግን የሚሰፉትን ጨርቅ ሳይለቁ፣ ልጄ እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም አሉ። ዝም ቢሉ እንኳ ይበቃናል ብዬ ለመንኳቸው። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩን ጨምሮ አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ጓሮው ውስጥ ተሰለፉ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይዟል። የት አለች አሉ ሊቀመንበሩ። እጄን አንስቼ ያቺን ደማቋን ጠቆምኩ። ይኸኔ ጋሽ ዘውዴ ክንዴን ያዙና፣ ረጋ ብለው፣ እሷማ አይደለችም፣ የኛዋ ከሷ ዝቅ ብላ ነው፣ ዛሬ ደግሞ አትታይም አሉ።

ምን ዓይነት ሰው ጓደኛ እንዳደረግሁ አሰብኩ፤ ተናደድኩባቸው፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ጸሐፊው ወደ ሊቀመንበሩ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮከብ ክበብ በኛ ቀበሌ መቋቋሙን ለበላይ አካል ሪፖርት ያደረጉት ለካ ረቡዕ ዕለት ነው፤ ኮከቧም “በአባላት ታይታለች” ተብላ ተጽፋለች።

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አቀኑ። ጋሽ ዘውዴ አትታይም ወዳሉበት ወደ ጨለማው ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ትታያለች አሉ።

ጸሐፊው ወዲያው አየ፤ ቀላ ያለች ናት አለ። የሴቶች ተጠሪዋ ከጠበቅኋት ትልቃለች አለች። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ናቸው ሲል ጸሐፊው በክርኑ ጎሸም አደረገውና አንድ ናት ብሎ አረመ። ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረው የኮሚቴው የጥበቃ ተጠሪ ሳይቀር እኔም አይቻታለሁ አለ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ሊቀመንበሩ ግን ሥርዓት አዋቂ ናቸው፤ ያያችሁ እጅ አውጡ አሉ። እጄን አወጣሁ። አዎ፣ እኔ፣ ባልንጀራህን አትጠይቅ የሚለውን ሕግ የተረጎምኩት ሰው። እትዬ አስካለ አንድ እጃቸውን አውጥተው በሌላው የጋሽ ዘውዴን ጎን ይቆነጥጣሉ። ያላየ ሲባል ጋሽ ዘውዴ ብቻቸውን፣ ቁንጥጫውን ችለው፣ እጃቸውን ቀጥ አደረጉ።

እዚህ ላይ ያበቃላቸው መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሊቀመንበሩ ግን አልተቆጡም። የጓድ ዘውዴ ችግር የዓይን እንጂ የአቋም አይደለም አሉ። ስለዚህ ኮከቧ በአሥራ ሦስት ድጋፍና በአንድ የዓይን ሕመም መታየቷ እንዲመዘገብ፣ ደብተሩ እንዲመለስ፣ ጓድ ዘውዴም በቀበሌው ደብዳቤ ሆስፒታል ሄደው እንዲታከሙ ተወሰነ። ደብተሩን ስቀበል ደስታው ከሐፍረቱ ጋር ተደባለቀብኝ።

ሆስፒታል ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አስነበባቸው። እስከ ታችኛው መስመር አነበቡ። እንደገና ቢያስነብባቸው ከሰሌዳው ግርጌ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስም ጨምረው አነበቡለት። ሐኪሙ ዓይናቸውን አየ፣ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አየ፣ እንደገና ዓይናቸውን አየ። ሐኪምም ቢሆን ቀበሌ አለው። አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለና መነጽር አዘዘላቸው፤ ምንም ኃይል የሌለው፣ እንደ መስኮት ያለ መስተዋት።

ጋሽ ዘውዴ መነጽሩን በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ስፌት ላይ አያደርጉትም፤ ጓሯችን ስንመለስም አያወጡትም። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ሲወጣ ያየሁት ከወራት በኋላ፣ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ውስጥ በተጠራ ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሩ ከመደርደሪያው ፊት ቆመው የስኳርና የሳሙና አቅርቦት ከዕቅድ በላይ መሟላቱን አነበቡና፣ ይህን የሚያረጋግጥ እጁን ያውጣ አሉ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ጆሯቸው ላይ ሰኩት፣ ባዶውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ቃኙና ከሁላችንም ቀድመው እጃቸውን አወጡ።