አያ ተገኘ ደጃፍ ላይ ቆሙ

እናንተ ሰው ቤት ስትሄዱ እንዴት ነው የምትገቡት? የዘንድሮ ሰው እንደሆነ አጥር ሥር ቆሞ «በር ላይ ነኝ» ብሎ ይደውላል፤ የባለቤቱ ስልክ ዝግ ከሆነ እንግዳው በዚህ በሱዳን፣ በገዳሪፍ ፀሐይ ሲጠበስ ይቆያል። ወላጆቻችን ስልክ አላስፈለጋቸውም። ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ይላሉ፤ ከውስጥ «ይግቡ!» እስኪባሉ ድረስ ንቅንቅ የለም። ይህ ልማድ ድሮ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ አልቀረም፤ እንዲያውም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሥራ አስፈታን።

የጎረቤቴ ልጅ ሃያት እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ያደገች፣ በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት የተማረች ናት። ሾላ ገደል የምትባለው የጎንደር ቆላ መንደራችን እኔ ሕፃን ሳለሁ በጦርነት ስትቃጠል ሰዉ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ዛሬ የሰሊጥ እርሻ ሆናለች። ሃያት ሽማግሌዎቹን እየጠየቀች መንገዱን፣ ዋርካውን፣ ጎጆዎቹን ሁሉ በኮምፒውተሯ ላይ ሠራቻቸው። ፊልም እንዳይመስላችሁ። ቁልፉን ስትጫኑ በመንደሩ ውስጥ ትሄዳላችሁ፤ ስትዞሩ የዋርካው ጀርባ ይታያችኋል።

የእናቴ ቤት ግን ከውጭ ብቻ ነበር የተሠራው። እኔ በጀርባ ታዝዬ የወጣሁ ነኝ፤ ምን አውቃለሁ? እናቴ ስለዚያ ቤት ስትጠየቅ ስለምታለቅስ ሳንጠይቃት ሞተች። ውስጡን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ነው፤ የግድግዳ ጎረቤቷ የነበሩት አያ ተገኘ። የእሳቸውንም ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ዛሬ ካልነገሩን የተወለድኩበትን ቤት መቼም አላየውም።

ግቢዬ ውስጥ፣ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር፣ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥናቸው። ቁልፉን እየተጫኑ መንደሩን አቋርጠው፣ ዋርካውን አልፈው፣ የእናቴ ደጃፍ ደረሱ። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቤቶች!» አሉ።

«አያ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለች ሃያት። «በሩ ክፍት ነው፤ ኹሽ በስ፣ ዝም ብለው ይግቡ።»

«አንቺ ልጅ፣ የሴት ወይዘሮ ቤት ዘው ተብሎ ይገባል?» ደግመው ጠሩ። ከውስጥ «ይግቡ» የሚል የለም። «የለችም። ሌላ ቀን እንመለሳለን» አሉና ተነሡ።

በሳምንቱ መጡ። ቆሙ፣ ጠሩ፣ መልስ አጡ፣ ተነሡ። ሃያት ፀጉሯን ልትነጭ ደረሰች። እኔም ልስቅ አስቤ ተውኩት። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፤ ባለቤት የሌለው ቤት ማን ይግቡ ይላል? ከዚያ ግን የዚያ ቤት ልጅ ማን እንደሆነች ትዝ አለኝ። ከጀርባቸው ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩ።

«ይግቡ፣ አያ! ቤት ለእንግዳ!»

«እናቷን ቁርጥ» አሉና ገቡ።

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው? መደቡ በስተቀኝ፣ ጎታው ከበሩ ጀርባ እያሉ ሲናገሩ ሃያት እዚያው ትሥላለች። ምሰሶውን አይተው ሳቁ፤ «ቀጥ ያለ አልነበረም፣ ወደ ግራ አጋድሎ ነበር። እናትሽ ባሌን ይመስላል ትል ነበር።» ሃያት ምሰሶውን አጋደለችው። ሥዕሉ ላይ መደቡን በጣታቸው ነክተው «እዚህ ላይ ነው የተወለድሽ» ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ደስታዬ ግን ከእንባዬ ይበልጥ ነበር። ቤቴን አየሁ።

ሃያት ወደሚቀጥለው ቤት ልትወስዳቸው ብትል እንቢ አሉ። «ሳልቀምስ?» ሩጬ ኪስራና የሙላሕ ወጥ አቀረብኩ። በጎንደር ጎጆ ውስጥ የሱዳን እንጀራ በልተው፣ መርቀውኝ ወጡ።

ሃያት ድምፄን ቀድታ እዚያው በር ላይ አኖረችው። ወሬው ተሰምቶ የሾላ ገደል ሰው ከየሰፈረበት ከተማ፣ ከሾዋክም ከባሱንዳም እየመጣ ደጄን ይጠራል። «ይግቡ» የሚለው ኮምፒውተሩ ነው፤ የማበላው እኔ። ባለፈው አርብ እንግዳው በዝቶ ኪስራው አለቀብኝ፤ አያ ተገኘም ባዶውን ትሪ አይተው፣ «የእናትሽም ቤት እንዲህ ነበር» አሉኝ።